የጆንያው ግመል

ሐርቡ ላይ ልጆችን ቁርኣን የማቀራ ሰው ነኝ። ዓመቱ ሲዘጋ ደረሶቻችን ለወላጆች ትርዒት ያሳያሉ። ዘንድሮ «ኡስታዝ፣ ግመል እንሥራ» ብለው ሲመጡ ፊቴን አጠቆርኩባቸው። የእንስሳ ምስል? ያውም በመድረሳ?

አንድ ወጣት መምህር በስልኩ «የጦር ፈረስ» የተባለውን ተውኔት አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር የተጀመረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለተማገደ ፈረስ የሚተርክ ነው። ፈረሱን የሠሩት ሃንድስፕሪንግ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ናቸው። ሦስት ሰዎች ሲያንቀሳቅሱት በግልጽ ይታያሉ፤ ጆሮው ሲቀሰር፣ ደረቱ ሲተነፍስ ግን ሰዎቹን ትረሷቸዋላችሁ። ልቤን ነካኝ፤ ቢሆንም አልፈቀድኩም።

ሌሊቱን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ትዝ አሉኝ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ከአሻንጉሊቶቻቸው መሐል ባለ ክንፍ የጨርቅ ፈረስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ክንፉ ሲጠይቋቸው የሱለይማንን ፈረሶች ቢያነሱባቸው፣ መንጋጋቸው እስኪታይ ሳቁ። እሳቸው በሳቁበት እኔ ማን ሆኜ ነው የምቆጣው?

ከመግሪብ በኋላ ግቢው ሞላ። ግመሉ ከሸምበቆና ከጆንያ የተሠራ ነው፤ ሁለት ልጆች ከሥሩ ገብተዋል። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የመሰለ ማንም የለም፤ ያስ አይፈቀድም። አንድ ልጅ ቆሞ ሐዲሱን ተረከ፦ ባለግመሉ ያስራበውና ከአቅሙ በላይ ያደከመው ግመል እሳቸውን ሲያይ አለቀሰ፤ ከጆሮው ሥር ዳብሰው ዝም አሰኙት፤ ባለግመሉንም ጠርተው ወቀሱት። የጆንያው ግመል አንገቱን ቀስ አድርጎ ሲያወርድ ግቢው ጸጥ አለ። ግመል ሲነግዱ የኖሩ አንድ አዛውንት በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ።

እኔስ? እኔ አህያዬን አስታወስኩ። በወጣትነቴ ማሽላ ጭኜ ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ እነዳት ነበር። አንድ ቀን ጀርባዋ ተገጥቦ እያየሁ ጫንኳት። ዳገቱ ላይ ተኛች። በበትር መታኋት፤ ዘወር ብላ አየችኝና ተነሳች። ኮምቦልቻ አደረሰችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ያኔ የቆጨኝ ገንዘቤ ብቻ ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

ትርዒቱ ሲያበቃ ልጆቹ በላብ ተነክረው ከጆንያው ወጡ። ትንሿ ልጄ የተጋደመውን ግመል ከጆሮው ሥር ትዳብሰው ጀመር፤ እንሂድ ብላት እምቢ አለች። ያን ሌሊት ለባለቤቴ ስለ አህያዋ ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ አንድም ቀን አንስቼባት አላውቅም ነበር።