በሆሳዕና መናኸሪያ የወረደ ጭነት

ተራራ የወጣ ሰው የአገርን ጠባይ በእግሩ ያውቀዋል፤ ያልወጣ ሰው ግን በሆሳዕና መናኸሪያ ማለዳ ቢቀመጥ ያንኑ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ጥንት ዋቸሞ ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በምዕራብ የግቤ ሸለቆ፥ በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ ሜዳ፥ በደቡብ የከምባታ ተራሮች አሉ። ስለዚህ ከየአቅጣጫው የሚገባው መኪና የሚያራግፈው ጭነት የመጣበትን ስፍራ ከፍታ ይናገራል። ከግቤ ቆላ ማንጎና ሙዝ፥ ከሐደሮ በኩል ዝንጅብል፥ ከሐላባ በርበሬ ይመጣል፤ ከደጋው የሚወርደው ግን ገብስ፥ ባቄላና ድንች ነው። ሰዎቹም ሳይቀሩ ይለያሉ። የቆላው ሰው በስስ ሸሚዙ ሲንቀጠቀጥ፥ የደጋው ሰው ጋቢውን አውልቆ በትከሻው ላይ ይጥላል፤ ሁለቱም ስለ አንድ አየር አይስማሙም።

የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፥ ከዱራሜ የመጣ መኪና ካወረዳቸው መንገደኞች መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ነበሩ። በኮባ የተጠቀለለና በገመድ የታሰረ ሸክም ታቅፈው፥ ወደ ግቤ የሚወርደውን መኪና ይጠይቁ ነበር። ሸክሙ የእንሰት ችግኝ ነው። ልጃቸው በአምባሪቾ ሥር ያለው የአባቱ መሬት ቢጠብበው ወደ ቆላ ወርዶ ጎጆ ቀልሷልና፥ በቆሎ ብቻ እየበላ ከሳ ብለው ከራሳቸው ጓሮ ቆፍረው ሊወስዱለት ነው። ረዳቱ የጭነቱን ዋጋ ተቀብሎ ሸክሙን ወደ ጣሪያው ሊያወጣ ሲል፥

«እናቴ፥ እንሰት ቆላ ይጸድቃል እንዴ?» አላቸው።

«ልጄ ከጸደቀበት እንሰቱን ማን ይከለክለዋል?» ብለው መለሱለት።

በአጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እናትዮዋ ቅኔ ቤት ሳይውሉ ኅብር ቃል ተናገሩ፤ ተክል ሲይዝም ጸደቀ ይባላል፥ ሰው ሲድንም ጸደቀ ይባላልና። ነገር ግን የረዳቱ ጥያቄ በቀልድ ይነገር እንጂ ታላላቅ ሊቃውንት የደከሙበት ጥያቄ ነው። ፍጥረት ሁሉ ስለ ምን በሁሉ ስፍራ አይገኝም?

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ፥ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው፤ ሜትር የሚባል መለኪያ ወደ አገራችን ሳይገባ ከፍታውን በተክሉ ለክተውት ነበር። በ1802 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የተባለው የጀርመን ሊቅ በደቡብ አሜሪካ የችምቦራዞን ተራራ ወጥቶ፥ ኋላም እያንዳንዱን ተክል በበቀለበት ከፍታ ላይ በሥዕል በጻፈ ጊዜ ዓለም እንደ አዲስ ነገር አደነቀለት። የኛ ገበሬ ግን ያንን ሥዕል በስም ብቻ ሥሎት ይኖር ነበር።

ምክንያቱ ብርቱ ምሥጢር አይደለም። ሰው 1000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከግቤ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ከ3000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ አምባሪቾ ራስ የሚወጣ መንገደኛ እንግዲህ በጥቂት ሰዓት ከ12 ዲግሪ በላይ ይለወጥበታል። በአገራችን ተራሮች ላይ ግራሩ በታች ይቀርና ዋንዛ ይተካዋል፤ ዝግባና ጽድ ይከተላሉ፤ ከዚያ ኮሶ፥ ከኮሶ በላይ አስታ። እያንዳንዱም ዛፍ ወፉን፥ ንቡንና ትሉን ይዞ ይኖራል።

ከፍታ ግን ማኖር ብቻ ሳይሆን መለየትም ያውቃል። ለደጋ አውሬ ቆላ ማለት ባሕር ነው፤ ተራራውም ደሴት ይሆንበታል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ብቻ ይገኛል። ቀይ ቀበሮ በሸለቆው ግራና ቀኝ ቢኖርም፥ ከ3000 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድምና በየተራራው ተለያይቶ ቀርቷል፤ ለአቅመ መውለድ የደረሰው ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም። ከሆሳዕና ብዙ ሳይራቅ፥ በሻሾጎ በሚገኘው በቦዮ ረግረግ፥ ከጕንጩ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት እግረ ረጅም ወፍ ይታያል፤ አብዛኞቹ ወገኖቹ ያሉት ግን በዛምቢያና በቦትስዋና ረግረጎች ነው። ረግረጉ ቢደርቅ ወዴት ይሄዳል?

የተራራ ደሴት ደግሞ ከባሕር ደሴት የሚከፋበት ነገር አለ፤ ሽቅብ በሄደ መጠን ይጠብባል። ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ቆላው ወደ ደጋው ይወጣል፥ ደጋውም ወደ ውርጩ፤ ውርጩ ግን የሚወጣበት የለውም። ነገሩ ለሰውም ቅርብ ነው። በ2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ሙቀት በበረታባቸው ዓመታት የወባ በሽታ ወደ ከፍተኛው ስፍራ መውጣቱን አሳይቷል። ደገኛ ወባን ፈርቶ ሽቅብ የሠራውን ቤት ወባ ራሷ ወጥታ ታንኳኳበታለች ማለት ነው።

እንሰት ግን ከዚህ ሥርዓት ጥቂት ፈንገጥ ይላል። የዱር ዘመዱ በቆላማና እርጥብ ሸለቆ ከፍሬው ዘር በቅሎ ያድጋል፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካም ይገኛል። ሰው አልምቶ ቀለቡ ያደረገው ግን በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሐዲያና ከምባታ ዌሳ ይሉታል። የደቡብ እናቶች ከሸለቆው አውጥተው፥ የሚስማማውን እየመረጡ፥ ዘመዱ ወደማይደርስበት ብርድ አደረሱት። ተራራ የከለከለውን እጅ ፈቀደለት ቢባል ሐሰት አይደለም። ይህም የሆነው ያለ ዘር ነው፤ አሚቾው ተቆርጦ ሲቀበር ዙሪያውን ብዙ ልጆች ያበቅላልና። ነገር ግን ከእናቱ የተቆረጠ ልጅ የእናቱን ደዌ ይዞ ይሄዳል። እንሰትን የሚያጠወልገው ተሕዋስ በ1968 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሊቃውንት ተመርምሮ ስም ወጣለት፤ በ2001 ደግሞ በዩጋንዳ የሙዝ ተክል ላይ ታየ። ተራራና ሸለቆ የሚያግደው እንስሳን ነው፤ ደዌ ግን በቢላዋ ስለት ላይ ተቀምጦ በመኪና ይሄዳል።

በመናኸሪያውም ይህን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ከሶሮ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁ ሲበርድ ወደ እናትዮዋ ቀረብ አሉ።

«እኅቴ፥ በጓሮዎ የጠወለገ አለ?»

«ካቻምና ሁለት ጠወለጉ፤ ነቅዬ ጣልኋቸው።»

«በምን ቆረጧቸው?»

«በቢላዋዬ።»

«እኒህንስ?»

እናትዮዋ ዝም አሉ። ሽማግሌው ሸክሙን አስወርደው ፈቱት፤ ችግኞቹ ሦስት ነበሩ። የኪሳቸውን ሰንጢ በሻይ ሻጪቱ ከሰል ላይ አግለው የአንዱን ግርጌ ሰንጠቅ አደረጉ፤ ሰንጢውን መልሰው አግለው ሁለተኛውን፥ እንደገናም አግለው ሦስተኛውን። ሰው ተሰበሰበ። ሁለቱ ነጭ ሆነው ቀሩ። በአንዱ ስንጥቅ ላይ ግን ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ፈሳሽ እንደ ማር አቀረረ።

«ነጮቹን ልውሰዳቸው» አሉ እናትዮዋ።

«ከዚህ ጋራ በአንድ ኮባ አድረዋል።»

«ልጄ ጕድጓድ ቆፍሮ ይጠብቀኛል፥ አባቴ።»

ሽማግሌው ወደ ግቤው መኪና ተመለከቱ። «መንገዱ በእኛ በኩል ነው» አሉ። «የኔ ጓሮ ወደ ቆላው ያዘነበለ ነው፤ የአባቴ እንሰት ሙቀቱን ለምዶታል። ሲመለሱ ወርደው ይዩት። የሚወዱትን እቀብርልዎታለሁ፥ ሲያቈጠቍጥ ልጅዎ ራሱ መጥቶ ይውሰድ። ይኸንን ግን ገመዱም ሳይቀር እናቃጥለዋለን።»

«ስሙ ማን ይባላል? የእንሰቱ?»

ሽማግሌው በሐዲይኛ ነገሯቸው፤ እናትዮዋም እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ ደገሙት። የግቤው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ረዳቱ ሳይጠየቅ የጭነቱን ዋጋ መለሰላቸው፤ እሳቸውም ቈጥረው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩትና ባዶ እጃቸውን ተሳፈሩ።