ለአዘና የሚላክ ሌንስ ዋራንቲ አያስፈልገውም

ጥር ሲቃረብ ከአገር ቤት የሚመጣልኝ መልእክት ይዘቱ ያው ነው፦ «70-200 ላክልን»። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ሰርጉም በዚያው ወር ይበዛል። ሜዳ ላይ ሽምጥ የሚጋልብን ፈረሰኛ ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው 18-55 ሌንስ ለመያዝ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ፈረሱ ከሩቅ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሲቀርብ ደግሞ አንሺው መሸሽ አለበት። ስለዚህ ረጅም ሌንስ መፈለጋቸው እውነተኛ የሥራ ፍላጎት ነው፤ መልሱም በጥንቃቄ ሊሰጥ ይገባል።

እኔ የምሰጠው መልስ ብዙ ወዳጆቼን ያስገርማል። ያገለገለ ግዙ፤ ኩባንያው ራሱ ባልዘረጋው መንገድ የገባ ዕቃ ቢሆንም አትፍሩት፤ ለዋራንቲ ተብሎ የሚጨመረውን ዶላር ግን ለሌላ ነገር አውሉት።

ይህ ምክር እዚህ እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ላለ ሰው አይሠራም። ኒኮንም፣ ካኖንም፣ ሶኒም በየአገሩ የየራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፤ ዋጋውንም ቅርንጫፉ ለየገበያው ይቆርጣል። የየን ዋጋ ሲወርድ ጃፓን ውስጥ ያለው ሌንስ በዶላር ሲታይ ይረክሳል፤ ነጋዴው ከጃፓን ወይም ከሆንግ ኮንግ ገዝቶ አሜሪካ ያስገባና ከቅርንጫፉ ዋጋ አሳንሶ ይሸጣል። ግሬይ ማርኬት የሚሉት ይህንን ነው። ሌንሱ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ መስታወቱም ሞተሩም ያው የሆነ ዕቃ ነው። የተሰረቀ አይደለም፣ የተጭበረበረም አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው አገር ቤት «ኦሪጅናል ነው ወይስ ግሬይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ስላሉ ነው። ግሬይ ማርኬት ሌንስ ኦሪጅናል ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤትም ወደዚሁ አዘንብሏል። የታይላንድ ተማሪ የነበረው ሱፓፕ ኪርትሴንግ ከአገሩ በርካሽ የተገዙ የኮሌጅ መጻሕፍትን አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ተከሶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በ6 ለ3 ድምፅ ፈረደለት፤ የቅጂ መብት ያለበትን፣ በሕጋዊ መንገድ የተመረተና የተገዛ ዕቃ ገዢው መልሶ መሸጥ ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በሌክስማርክ የፕሪንተር ቀለም ጉዳይ ያንኑ ሐሳብ ወደ ፓተንት አሰፋው። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ የሚጠይቀው ለገዢው እንዲነገረው ነው፤ ቸርቻሪው ዕቃው የአምራቹን የአሜሪካ ዋራንቲ የማይዝ ከሆነ ያንን በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ታላላቆቹ የኒው ዮርክ ካሜራ ቤቶች ከዕቃው ስም አጠገብ «ከውጭ የገባ» የሚል ምልክት ሲያኖሩ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአምራቹ ዋራንቲ ፈንታም የራሳቸውን የሱቅ ዋስትና ይሰጡ ነበር።

ታዲያ እዚህ ያለ ገዢ ለምን ይጨነቃል? ምክንያቱ ጥገና ነው፤ በተለይ የኒኮን። ኒኮን አሜሪካ በራሱ መንገድ ያልገባን ዕቃ በነፃ ይቅርና በክፍያም አይጠግንም። ካኖን በዚህ ረገድ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ ያገለገለ የኒኮን ሌንስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መለያ ቁጥሩን ነው፤ በብዙዎቹ የኒኮር ሌንሶች ላይ ከቁጥሩ በፊት «ዩ» እና «ኤስ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ ሌንሱ በአሜሪካው ቅርንጫፍ በኩል የገባ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ምልክት ሁሉ ከሌንሱ ሳይሆን ከካርቶኑና ከዋጋው የሚነበብ ነው፦ የዋራንቲ ካርዱ የየት አገር እንደሆነ፣ መመሪያው በየትኛው ቋንቋ እንደታተመ፣ ዋጋው ሁሉም ሕጋዊ ወኪሎች ከሚሸጡበት ምን ያህል እንደራቀ። ያለ ካርቶን ለቀረበ ያገለገለ ሌንስ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ነጭ ካርቶን ብቻውን ግን አያስደንግጣችሁ፤ ከካሜራ ጋር ተጣምሮ ይሸጥ የነበረ ሌንስ ተለይቶ ሲሸጥ እንዲያ ታሽጎ ይመጣል።

አሁን ወደ አዘና እንሂድ። አዘና በአዊ ዞን የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ የሚደርስ ሌንስ ከዱባይ፣ ከቻይና ወይም ከእኛ ሻንጣ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በሰው እጅ ወይም በአውቶቡስ ወደ እንጅባራ ይወጣል፣ ከእንጅባራ ወደ አዘና ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የኒኮን አሜሪካ ዋራንቲ የሚከበርበት አንድም መስኮት የለም። አምስት ዓመት ይባል ስድስት፣ ወረቀቱ እዚያ ዋጋ የለውም። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያነበው ነገር አለ፤ የአምራቾቹ ዋራንቲ የተጻፈው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ገና ከአሜሪካ ሳይወጣ ዋራንቲው አልቋል ማለት ነው። እዚህ ያሉት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች፣ ለምሳሌ በጆርጂያ ያለው ኬኢኤች፣ የራሳቸውን የ180 ቀን ዋስትና ይሰጣሉ። እሱም ሌንሱን መልሶ ለመላክ ለሚችል ሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ አዘና ላይ ፎቶ ቤት አለው። አንድ ጊዜ እንጅባራ ላይ ሌንስ ሊገዛ ሲሄድ መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ምን ያደርግልሃል? ሰውዬውን እኮ አውቀዋለሁ» አለኝ።

እንዴት እንደገዛው ሲነግረኝ ገባኝ። ግማሹን ከፈለ፤ ሁለቱም የሚያውቁት ሦስተኛ ሰው ዋስ ሆነ፤ በዚያ ሌንስ አንድ ሰርግ አነሳበት፤ ቀሪውን የከፈለው ፎቶዎቹን አይቶ ነው። እዚህ አገር ገንዘቤን ሙሉ በሙሉ አስቀድሜ ሳልከፍል ሌንስ ወስጄ ሥራ እንድሠራበት የፈቀደልኝ መደብር የለም። ከዕቃው ጀርባ ማን ይቆማል ለሚለው ጥያቄ አዘና ያላት መልስ ጠንካራ ነው፤ ሻጩ ነገ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ዋሱም ስሙን አስይዟል። እዚህ የምንፈልገውን የወረቀት ዋስትና እነሱ በሰው ተክተውታል፤ ስለዚህ እኛ በወረቀቱ ላይ ስንጨነቅ ለእነሱ ምንም አንጨምርላቸውም።

ሆኖም ዋስ የማያየው ነገር አለ፤ ዋናው የአዊ ጉዳይም እሱ ነው፦ ሻጋታ።

አዊ ዝናቡ የሚበረታበት ደጋ ነው። ክረምቱ ይረዝማል፤ ጭጋጉ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ልብስ ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይውላል። በሌንስ ውስጥ ያለ ሻጋታ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን እርጥበትና ጨለማ ነው። በመስታወቶቹ መካከል እንደ ቀጭን የዛፍ ሥር እየተዘረጋ ያድጋል፣ የሚያመነጨው አሲድም ሽፋኑን ይበላል። ቀድሞ ከተደረሰበት ተፈቶ ይጠረጋል፤ ሽፋኑን ከበላ በኋላ ግን ጠርገውትም ጠባሳው ይቀራል። ፀሐይ ላይ የተነሳ ፎቶ ሁሉ የደበዘዘ መጋረጃ ይለብሳል። ከሻጋታው በተጨማሪ የማገዶና የከሰል ጭስ አለ። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ከዲከረንስ ዛፍ የሚያከስሉት ከሰል የአካባቢው ትልቅ ገቢ ሆኖ ቆይቷል፣ በዚያም እኮራለሁ፤ ጭሱ ግን በመስታወት ላይ ስስ ቅባት ይተዋል።

ስለዚህ የቁጥር ፎቶ መጠየቁን ትቼ የአክስቴን ልጅ የባትሪ ምርመራ አስተማርኩት። ሁለቱም ክዳኖች ይነሱ፤ ዲያፍራሙ ተከፍቶ ሌንሱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይያዝ፤ ከአንዱ ጫፍ የስልክ ባትሪ በሰያፍ ይብራበትና በሌላው ጫፍ ይታይ። አቧራ እንደ ተበተነ ነጥብ ይታያል፣ ጉዳትም የለውም፤ የትኛውም ያገለገለ ሌንስ አቧራ አለው። ሻጋታ ቅርንጫፍ አለው። ክብ ጠርዙን ተከትሎ የሚያብረቀርቅ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ካለ መስታወቶቹን ያጣበቀው ሙጫ እየለቀቀ ነው፤ አትግዙት። ዲያፍራሙ ላይ ዘይት ካለ ቅጠሎቹ ይዘገያሉ፤ ፈጣን ፎቶ ሲነሳ ብርሃኑ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። የፊት መስታወት ጭረት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እኔ ግን የምፈራው የኋለኛውን ነው፤ ትንሽ ጭረት እንኳ በፎቶው ላይ ይታያል። በመጨረሻ ጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ፎቶ ያንሳ፤ አራቱም ማዕዘኖች በእኩል ካልጠሩ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

መለያ ቁጥሩን ጨርሶ አትርሱት ግን። የተፋቀ ቁጥር ካለ ወሬ የለም፣ ሌንሱን አስቀምጡና ውጡ። የተሰረቀ ዕቃ እንዲያ ነው የሚደረገው።

ይህን ምርመራ በቪዲዮ አብረን እንድናደርገው እመኝ ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሻጮች በቴሌግራም የሚለጥፉት ፎቶና ዋጋ ለአዘና ሰው አልደረሰም። በዚያ ጊዜ ሌንስ የፈለገ ሰው ያገኘው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። ምርመራውን በስልክ ድምፅ፣ ቃል በቃል ነበር የነገርኩት።

የትኛውን እንላክ? እዚህ አገር ባለሙያው ወደ ሚረርለስ ካሜራ እየተሻገረ ነው፤ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 አዲሱን የሌንስ አፍ ካስተዋወቀ ወዲህ የድሮዎቹ ኢኤፍ ሌንሶች በብዛት ለሽያጭ እየወጡና እየረከሱ ነው። ኢኤፍ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ስለሆነ በአገር ቤት ባሉት የካኖን ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ሁሉ ላይ ይገጥማል። እኔ የምመርጠው ያንን ነው፣ ካኖን ለያዘ ሰው። የሌንሱ ዕድሜ የሚታወቅበትም መንገድ አለ፤ በቆዩት የካኖን ሌንሶች የኋላ ቀለበት ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። የመጀመሪያው ፋብሪካውን ይናገራል፣ «ዩ» ከሆነ ኡትሱኖሚያ ነው። ሁለተኛው ዓመቱን ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 «ኤ» ጀምሮ በፊደል ተራ እየቆጠራችሁ 2011 ላይ «ዜድ» ትደርሳላችሁ። ሻጩ «ሁለት ዓመቱ ነው» ያለውን በዚህ ማመሳከር ይቻላል።

ኒኮን ለያዘ ሰው የምሰጠው ማስጠንቀቂያ ከዋራንቲ ሁሉ ይበልጣል። የድሮው 80-200 ኤኤፍ-ዲ ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ እጃችሁን ይስባል። ነገር ግን ፎከሱን የሚያንቀሳቅሰው በካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ነው፤ ዲ3100ም ሆነ ዲ5300 ያ ሞተር የላቸውም። በአገር ቤት ብዙ ፎቶ አንሺ የያዘው እነዚህን ነው። ሌንሱ ይገጥማል፣ ብርሃኑንም ይለካል፣ ፈረሱ ሲመጣ ግን ፎከስ በእጅ ማዞር ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት የካሜራውን ሞዴል ጠይቁ።

የዋጋውም ነገር አለ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የ500 ዶላር ሌንስ ከ28,500 ብር ተነስቶ ከ50,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። የአዘና የሰርግ ክፍያ በዚያው ፍጥነት አላደገም። በዚህ ስሌት ለማይሠራ የዋራንቲ ወረቀት 100 ዶላር መጨመር ከ10,000 ብር በላይ መጣል ነው፤ ያ ገንዘብ አየር የማያስገባ ዕቃ መያዣ፣ ሲሊካ ጄልና ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። ሲሊካ ጄሉ እርጥበት ሲጠግብ ምጣድ ላይ በለሰስ ያለ ሙቀት አድርቆ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ሌንሱን ግን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ዘግቶ ክረምቱን ማሳለፍ ሻጋታን መጋበዝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጠጋኝ ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ላሉ ገለልተኛ ጠጋኞች መለዋወጫ መሸጥ አቆመ፤ በ2020 ደግሞ ፈቃድ ከሰጣቸው ጥገና ቤቶች ጋር የነበረውን ውል ዘጋ። እዚህ አሜሪካ ያሉት ጠጋኞች ከተበላሹ ሌንሶች ዕቃ እየነቀሉ ይሠራሉ። ይህን አዊ ውስጥ ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ሬዲዮና ሞባይል የሚፈታ እጅ በየከተማው አለ፣ የጎደለው መሣሪያ ነው። የጃፓን ሌንሶች ብሎን ከተለመደው የመስቀል ብሎን ጥቂት ይለያል፤ በተራ መፍቻ ሲሞክሩት ጭንቅላቱ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይፈታውም። ጄአይኤስ የሚባለው የጃፓን መፍቻ ስብስብና የመስታወት ቀለበቱን የሚያዞረው ባለ ሁለት ጥርስ መፍቻ አንድ ላይ ከአንድ ያገለገለ ሌንስ ዋጋ እጅግ ያንሳሉ፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይዙም፤ በእጅ ሻንጣ ግን አትያዟቸው፣ የበረራ ፍተሻ ሊወስዳቸው ይችላል።

ዘንድሮ ከጥር በፊት ወደ አዊ የምትሄዱ ካላችሁ ከሌንሱ ጋር እነዚህን ያዙ። የተበላሸና ሻጋታ የበላው የቆየ ሌንስ ቤታችሁ ካለም አትጣሉት፤ ለሚማር ሰው መፍቻና መግጠሚያ የሚለማመድበት ይሆናል፣ ሞተሩና ቀለበቱም ለሌላ ሌንስ መለዋወጫ ይሆናሉ።