የጠመንጃ ማርሚታ

መካኒኮቻችን ከመኪና ጭስ መውጫ ላይ የሚገጠመውን ድምፅ ማፈኛ «ማርሚታ» ይሉታል። ቃሉን ያወረሰን ጣሊያን ነው። ማርሚታው የተቀደደ አይሱዙ ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊን አቋርጦ ወደ ዱርቤቴ ሲያልፍ፣ ሹፌሩ ጡሩምባ መንፋት አያስፈልገውም፤ ከተማው ቀድሞ ሰምቶታል። ጠመንጃም እንዲሁ ማርሚታ እንዳለው ግን በእኛ አገር ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ነገሩ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። ሃይራም ማክሲም የተባለው በአሜሪካ ተወልዶ ለንደን የከተመ ሰው በ1884 እ.ኤ.አ. መትረየስን ሠራ። ዓለምን ያደነቆረው ይህ መሣሪያ የሠሪውንም ጆሮ አልማረም፤ ሰውየው በስተርጅና መስማት ተስኖት ኖረ። ልጁ ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1909 እ.ኤ.አ. የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ፈጥሮ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። አባት ያስጮኸውን ልጅ ዝም ሊያሰኘው ተነሳ ማለት ነው! ድርጅቱ ኋላ የጠመንጃውን ሥራ ትቶ ወደ ሞተር ድምፅ ማፈኛ ዞረ፤ ማርሚታና የጠመንጃ ማፈኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ሁሉ እንዳገላብጥ ያደረገኝ እንግሊዝ አገር እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሁሉን አዋቂነት ምስክር ወረቀት አድርጎ ስለቆጠረው፣ ከበሬ በሽታ እስከ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማልጠየቀው የለም። የእርሱ ጥያቄ ግን አዲስ ነበር። የእህል ጎተራውን አይጥ የሚያጠፋበት የአየር ጠመንጃ አለው፤ እዚያ አገር እንዲህ ዓይነቱ ጉልበቱ ከ16 ጁል ግድም እስካላለፈ ድረስ ያለ ፈቃድ ይያዛል። ሲተኮስ የጎረቤት ፈረሶች ይደነብራሉ። ማፈኛ ሊገዛ ፈልጎ፣ «ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን?» አለኝ።

ትልቅ ሁሉ ይሻላል ማለት የእኛ ሰው አመል ነው። መልሱ ግን ከጠመንጃው ዓይነት ይነሳል። በአየር ጠመንጃ ባሩድ የለም፤ የእርሳሷን ፍሬ የሚገፋት የታመቀ አየር ነው። ፍሬዋ ከአፈሙዝ ስትወጣ ከኋላዋ የነበረው አየር በአንድ ጊዜ ይፈነዳና ያ «ጧ» የምንለው ድምፅ ይወለዳል። ማፈኛው በውስጡ ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ቧንቧ ነው፤ አየሩ ከክፍል ክፍል እየተንሰራፋ ጉልበቱን ጨርሶ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። እንግዲህ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራው ጠመንጃ የሚያወጣው አየር ጥቂት ነው፤ ዋናው ጩኸቱ የሞላውና የፒስተኑ ስለሆነ ትልቅ ማፈኛ ቢሰቀልበት ክብደት እንጂ ጸጥታ አይጨምርም። ቀድሞ በከፍተኛ ግፊት አየር በጠርሙሱ የሚሞላበት ዓይነት ሲሆን ግን የሚወጣው አየር ብዙ ነውና ሰፊ ሆድ ያለው ማፈኛ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚብሰው የቀዳዳው ስፋት ነው። የተለመዱት ፍሬዎች 4.5 እና 5.5 ሚሊሜትር ናቸው። የ4.5ቱን ጠመንጃ በ5.5 ማፈኛ ማስተኮስ ይቻላል፤ አየሩ በሰፊው ቀዳዳ ትንሽ ያመልጣል፣ ድምፁም በመጠኑ ይጨምራል፣ አለቀ። ተገላቢጦሹ ግን አደጋ ነው፤ ፍሬዋ ከውስጥ ግድግዳው ጋር ትላተማለች። የብሎኑ ጥርስ ተንጋዶ ማፈኛው ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ካላለም፣ ፍሬዋ ጠርዙን እየነካች አቅጣጫዋን ትስታለች። የአክስቴ ልጅ ጠመንጃ 5.5 የሆነና በአየር የሚሞላ ስለነበር ምርጫው አልከበደንም።

አንድ ነገር ግን ማንም ማፈኛ አያፍነውም። ፍሬዋ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ግድም በላይ ከሮጠች፣ በአየር ላይ የራሷን ጩኸት እያስጮኸች ትሄዳለች። ይህን ለጎጃም ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጫፉ ከድምፅ ይፈጥናል። ለጅራፍ ደግሞ ማርሚታ የሚሠራለት አልተገኘም፤ ቢገኝስ የትኛው እረኛ ይገዛዋል?

እኛ ዘንድ እኮ ድምፁ ነው ሥራው። በሜጫ ማሳ ላይ በቆሎ የሚጠብቀው ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን የሚያጮኸው፣ ዝንጀሮው ሰው መኖሩን እንዲሰማ ነው። በሠርግና በለቅሶ ምንሽርም ሆነ ዲሞትፈር ሲተኮስ፣ ጥይቱ የትም ይግባ፣ ተፈላጊው ማስተጋባቱ ነበር። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ገበሬው በሬ ሸጦ ጠመንጃ ይገዛል ሲባል፣ የሚገዛው ግማሹ ድምፅ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

በሚያዝያ ተጀምሮ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጦፈው የአማራ ክልል ጦርነት ይህንን ለወጠው። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ጆሮ ሌላ ጆሮ ሆነ። የትኛው መሣሪያ እንደሆነ፣ ስንት ሠፈር እንደሚርቅ፣ እየቀረበ ወይስ እየራቀ እንደሆነ፣ ልጆቹን ከደጅ አስገብቶ በር ለመዝጋት ጊዜ መኖር አለመኖሩን የሚለካው በድምፁ ነው። የሞተር ሳይክል ጭስ መውጫ ሲፈነዳ ገበያተኛ የሚበተነውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለአክስቴ፣ ልጃቸው ከእንግሊዝ የጠየቀኝን በስልክ ነገርኳቸው። «ድምፅ የሌለው ጠመንጃ?» አሉ። ዝም ብለው ቆዩ። «ታዲያ ሰው በምን ያውቃል? እኛ እኮ የተረፍነው ሰምተን ነው ልጄ።» ለአይጥ እንደሆነ፣ ጉልበቱም ትንሽ እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። አልጣማቸውም።

«እዚያ አገር ድመት የለም እንዴ?» አሉኝ። «ይህን ጻፍለት።»

ጻፍኩለት።