«ድፍረት»ን በቦንጋ

ድፍረት የምትለዋ ቃላችን ሁለት ፊት አላት፤ በአንዱ ጀግንነት ናት፣ በሌላው በሴት ላይ የሚፈጸም ግፍ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ለፊልሙ ከዚህች የተሻለ ስም ከየትም አያገኝም ነበር። ስለ ፊልሙ ሲወራ ግን ለእኔ ቀድመው የሚመጡልኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ፕሮዲውሰሯ ምሕረት ማንደፍሮና ተዋናይቷ ሜሮን ጌትነት። ምሕረት ሐኪም ናት። ሜሮን ገጣሚም ናት፤ የጠበቃዋን የመዓዛ አሸናፊን ሚና የተጫወተችው ሳትጮህ፣ ዓይኗን ሳታፈጥ ነው። (ይህ በእኛ ተዋንያን ዘንድ ብዙ አይገኝም።)

ፊልሙን ያየሁት ቦንጋ፣ አክስቴ ቤት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ቀርቧል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ሲጀምር አክስቴ ሲኒውን እንደያዙ ቀሩ። ጠለፋ ለካፋም እንግዳ አይደለም። «በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ያልቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ሕጉም ቢሆን ያኔ ጠላፊው ካገባት ይምረው ነበር፤ ያ አንቀጽ የቀረው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው።

ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ሰንዳንስና በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ባለታሪኳ ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ነበር። እገዳው በኋላ ቢነሳም ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ስለ እሷ የሚናገር ሥራ እሷን ሳይሰማ እንዴት ያልቃል?

ይህን ሁሉ ስነግራቸው አክስቴ ስለ ሽልማቱ አልጠየቁኝም። «ልጅቷስ? ወልዳ ከብዳ ይሆን?» ብቻ አሉ።