የዶክተር ኪንግ እናት

እናቴ አትላንታ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ኦበርን ጎዳና ወሰድኳት፤ እዚህ ከተማ ያለን ሐበሾች እንግዳ ሲመጣብን ከምናሳያቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በውኃ መሐል ያለውን የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግንና የባለቤቱን የኮሬታን መቃብር ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ “እናቱስ የት ነው ያረፈችው?” አለችኝ። እናቴ አገር ቤት መዘምራን ስታሠለጥን የኖረች ሴት ናት። የዶክተር ኪንግ እናት ኦርጋን እየተጫወቱ መገደላቸውን ሰምታ ስለነበር ጥያቄዋ እንዲሁ የተጣለ አልነበረም። እኔ ደግሞ የምመልሰው አልነበረኝም።

መቃብሩን ማግኘቱ አላስቸገረኝም። ሳውዝ ቪው ይባላል፤ የአትላንታ ጥቁሮች ሬሳቸውን እንኳ በኋላ በር ማስገባት ቢመርራቸው በ1886 ለራሳቸው የመሠረቱት የመቃብር ቦታ ነው (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዶክተር ኪንግም በ1970 ወደ ኦበርን ጎዳና እስኪዛወር ድረስ ያረፈው እዚያ ነበር። የከበደኝ ወይዘሮ አልበርታ ዊሊያምስ ኪንግን ራሳቸውን ማግኘት ነው።

ባላቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈዋል፣ ሴት ልጃቸው ክርስቲንም ጽፋለች፣ የዶክተር ኪንግ ጽሑፍማ መደርደሪያ ይሞላል። የሳቸው የለም። በ1973 በቤተ ክርስቲያናቸው ያደረጉት ንግግር በድምፅ ተቀርጿል ሲባል ተስፋ አደረግሁ፤ ርእሱ ግን የማርቲን የልጅነት ዘመን ነው። የራሳቸውን ኑሮ ከሌሎች ሰዎች ታሪክ መሐል እየለቀሙ ከማሰባሰብ በቀር መንገድ አልነበረም።

ከለቀምኩት ሁሉ እስካሁን የማይለቀኝ የአስተማሪነታቸው ነገር ነው። ቨርጂኒያ ሃምፕተን ተምረው በ1924 የመምህርነት የምስክር ወረቀት አገኙ። በ1926 ተዳሩ። ያን ጊዜ የአትላንታ ትምህርት ቤቶች ባለትዳር መምህርት አያስተምሩም ነበርና የማስተማር ሙያቸውን ተዉት። ከ1932 ጀምሮ ግን በኤበኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አቋቁመው ለ40 ዓመታት ያህል ኦርጋን ተጫወቱ፣ መዘምራን አሠለጠኑ። እኔ እንደማምነው ያጡትን የመማሪያ ክፍል እዚያ መለሱት። ተማሪዎቻቸው መዘምራኑ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ጭምር። ማርቲን ገና ትንሽ ልጅ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ይዘምር ነበር፤ አጃቢው እናቱ ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ወንዶቹ ልጆች ፒያኖ መማሩ ሰልችቷቸው የፒያኖውን መቀመጫ እግር አላልተው መምህራቸውን ጥለውታል።

የማርቲን ነጭ ጓደኛ አብሮት እንዳይጫወት በተከለከለ ጊዜም መምህርቷ ነበሩ። ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ባርነት፣ ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ፣ በየበሩ ስለተለጠፈው የመለያየት ጽሑፍ ከነገሩት በኋላ ከማንም እንደማያንስ አስረዱት። ማርቲን ካደገ በኋላ ራሱ ጽፎታል። አገሪቱን ያናወጠው ስብከት ከመድረክ ሳይሆን ከዚያ ጭን ይጀምራል ብል የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

አንድ የሚከብድ ነገርም አለ፤ ስለምወዳቸው ብዬ አልዘለውም። በ1939 “ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ” ፊልም ሲመረቅ ነጮች ብቻ በተጋበዙበት ድግስ ላይ የሳቸው መዘምራን የባሪያ ልብስ ለብሰው ዘመሩ። የ10 ዓመቱ ማርቲን ከመሐላቸው ነበር። የከተማዋ ጥቁር ባፕቲስት ሰባኪዎች ነገሩን አወገዙ። ወይዘሮ አልበርታ በዚያ ምሽት ምን እንደተሰማቸው የሚናገር ጽሑፍ ብፈልግ አላገኘሁም።

ኤበኔዘርን ሰው ሁሉ የኪንጎች ቤተ ክርስቲያን ይለዋል። ነገር ግን በ1894 13 አባላት ብቻ ያሉትን ጉባኤ ተረክበው ያሳደጉት የወይዘሮ አልበርታ አባት ፓስተር አዳም ዳንኤል ዊሊያምስ ናቸው። እሳቸው በ1931 ሲሞቱ አማቻቸው ተተኩ፤ በ1960 ማርቲን ከአባቱ ጋር ማገልገል ጀመረ፤ እሱ ሲገደል ታናሽ ወንድሙ አልፍሬድ ገባ። ባል፣ ሁለት ልጆች፤ ሁሉም ሲሰብኩ ኦርጋኑ ጋ የነበሩት ወይዘሮ አልበርታ ናቸው።

ማርቲን በሚያዝያ 1968 ተገደለ። በሐምሌ 1969 አልፍሬድ ቤቱ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በአንድ ዓመት ከምናምን ሁለት ወንድ ልጅ የቀበረች እናት ቤቷን ዘግታ ብትቀመጥ ማን ይፈርድባታል? እሳቸው ግን ተመልሰው ኦርጋኑ ላይ ተቀመጡ።

እሑድ ሰኔ 30 ቀን 1974 የጌታን ጸሎት ዜማ ሲጫወቱ ከፊት ከተቀመጡት ሰዎች መሐል አንድ የ23 ዓመት ወጣት ተነሥቶ ተኮሰ። ወይዘሮ አልበርታና ኤድዋርድ ቦይኪን የተባሉ ዲያቆን ሞቱ፤ አንዲት ምዕመን ቆሰለች። ወጣቱ የመጣው ባላቸውን ለመግደል ነበር፤ ወይዘሮ አልበርታ ስለቀረቡት ግን ወደ እሳቸው ተኮሰ። ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። የኪንግ ቤተሰብ ግን የሞት ቅጣትን ይቃወም ነበርና፣ በዚህም ጭምር ፍርዱ ኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሚስታቸው የተገደሉባቸው አዛውንት ፓስተር እስከ 1975 ድረስ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ማገልገላቸውን ቀጠሉ።