ለምናባዊ ልብ ወለድ እንግዳ ለሆነ አንባቢ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሰፈሩ ስሙን ከልብስ ስፌት ፋብሪካ በወረሰበት በሀይሌ ጋርመንት፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ለታክሲ የተሰለፈውን ሕዝብ ተከትሎ የሚዞር መጽሐፍ አዟሪ አይጠፋም። ገዢ ከክንዱ ክምር አንዱን መዝዞ ሽፋኑን ያገላብጣል፣ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ ከዚያም ያንን የተለመደ ጥያቄ ያቀርባል፤ «እውነተኛ ታሪክ ነው?» አዟሪው «ልብ ወለድ ነው» ያለ እንደሆነ ድርድሩ ይቀጥላል። «ዘንዶ የሚናገርበት፣ አስማት ያለበት ነው፣ እህቴ፤ ደስ ይላል» ያለ እንደሆነ ግን መጽሐፉ ወደ ክምሩ ይመለሳል። «ተረት ነዋ!»

ይህች «ነዋ» የያዘችው ንቀት ቀላል አይደለም። የሚያስገርመውም፣ ንቀቱ የሚመጣው «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ እየመለሰ ካደገ ሰው አፍ መሆኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን የተረት መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው ሲሰይሙ አላፈሩበትም። ከዚያም በፊት፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራውና ለዘርፉ ሁሉ ስም ያወረሰው ሥራ፣ ዘመኑና አገሩ በውል ያልተነገረበት፣ ልጃገረድ ወንድ መስላ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበት፣ ከገሐዱ ኑሮ ይልቅ ለተረት የሚቀርብ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው እንግዲህ ከዚሁ ከተናቀው ቤት ነው። መጽሐፉ ወደ ክምሩ በተመለሰ ቁጥር የሚጎዳው አዟሪው ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በአማርኛ ሊጽፍ የሚያስብ ደራሲም አንባቢ የለኝም ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ልጆቹም ዘንዶ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ይመስላቸዋል።

ፋንታሲ የሚባለውን ይህን ዘርፍ ሞክረው የተዉት ብዙዎች የተሳሳቱት በር ላይ ነው። ዝናውን ሰምተው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የወጣውን የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ያነሣሉ፤ የነገሥታቱን የዘር ሐረግና የወንዞቹን ስም ሳይዘልቁ ያስቀምጡታል። በዚህ ሰው መጀመር የሚሻ «ሆቢት»ን ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ፣ ደራሲው ለገዛ ልጆቹ ያወራው፣ ምቾት የሚወድ አንድ ትንሽ ፍጡር ሳያስበው ለጉዞ የሚነሣበት አጭር መጽሐፍ ነው። (በትልቁ ሥራ ውስጥ «ጎንዶር» የሚል አገር ሲያጋጥመው ስለ ጎንደር የተጻፈ የሚመስለው ካለ፣ ፈገግ ብሎ ይለፈው።)

ሁለተኛው በር አፍሪካዊ ነው። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ ባሳተመው «የዘንባባ ጠጁ ጠጪ» ውስጥ፣ ከመጠጣት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ጠጅ ቀጂው ከዛፍ ወድቆ ይሞትበታል፤ እርሱም ቀጂውን ሊመልስ ወደ ሙታን ከተማ ይሄዳል። ቱቱኦላ የተማረው ጥቂት ዓመት ብቻ ነበር፤ እንግሊዝኛውም ሰዋስው የማይገዛው ነው። የውጭ ሐያስያን ሲያደንቁት የገዛ አገሩ ምሁራን አፍረውበት ነበር። ያ እፍረት ከሀይሌ ጋርመንቷ «ነዋ» ጋር አንድ እናት ያላቸው ይመስላል።

ከአማርኛው ለመጀመር የሚፈልግ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) ቢያነሣ አይጎዳም። የጣናን ገዳማት ምሥጢር ከዘመኑ ሳይንስ ጋር ያጋባ ነው፤ ልብ አንጠልጣይነቱ ከምናቡ ቢያይልም፣ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ወጣት ሁሉ ያስነበበ ሥራ እንደ ዋዛ አይታይም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ግን የአሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለጉዊን የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሥራ፣ «የኧርዝሲው ጠቢብ» ነው። ጠንቋይ ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በእኛ አገር ጠንቋይ የሚባለው ሌላ ነው። እንግሊዝኛው አጭር፣ ጥርት ያለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚወጣው ነው። ጀግናው የፍየል እረኛ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ «ጭልፊት» እያለ ይጠራዋል፤ እውነተኛ ስሙን ግን ከታማኝ ወዳጅ በቀር ለማንም አይነግርም፤ ስሙን ያወቀ ሕይወቱን በእጁ ይይዛልና። በዚያ ዓለም አስማት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው።

ይህን ለማስረዳት ፈረንጅ አንባቢ ብዙ ገጽ ያስፈልገው ይሆናል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፣ ስሞች ማለት ነው። የክርስትና ስሟን ለባዕድ የማትነግር እናት፣ በክታቡ ላይ የባለቤቱን የክርስትና ስም የሚጽፍ ደብተራ፣ የለጉዊንን ዓለም ሕግ ሳያነቡት ያውቁታል። ጭልፊት በተማረበት ደሴት ስም ብቻ የሚያስተምር መምህር አለ፤ ደቀ መዛሙርቱ በገለልተኛ ግንብ ውስጥ ተቀምጠው የስም ዝርዝር ሲሸመድዱ ይከርማሉ። ግስ ሲያወርድ ያደረ የቅኔ ተማሪ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ሳቁን አይችለውም።

«ከእውነት መሸሽ ነው» ለሚለውም መልሱ እዚያው አለ። ወጣቱ በትዕቢት ተነሣሥቶ፣ ከባላንጣው ልብለጥ ብሎ፣ ስም የሌለው ጥላ ወደ ዓለም ያስገባል። መጀመሪያ ይሸሸዋል፤ በሸሸ መጠን ጥላው ይበረታል። ከዚያ ዞሮ ያሳድደው ይጀምራል። ፍጻሜውን አንባቢው ራሱ ይድረስበት።

የአብዛኞቹ ደሴቶች ሰዎች ቆዳ ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ ደራሲዋ ይህን ያደረገችው አስባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም ጀግናውን ነጭ ባደረገው ጊዜ በአደባባይ ተቃውማለች።

መጽሐፉን የወደደ ሰው ወደ ተከታዩ፣ «የአቱዋን መቃብሮች» ወደሚባለው ይለፍ። እዚያ በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ተወስዳ ለስም የለሽ ኃይላት የተሰጠች ልጃገረድ አለች። ስሟን ነጥቀው «የተበላችው» ብለው ሰይመዋታል፤ አንድ ሌሊት፣ በጨለማው ዋሻ ውስጥ፣ የተነጠቀችውን ስም የሚነግራት ሰው ይመጣል።