ይህቺን ዙር ልጨርስ

ኪሮሽ የያዘችን ሴት «አንዴ ስሚኝ» ማለት ከንቱ ድካም ነው። «ቆይ፣ ይህቺን ዙር ልጨርስ!» ትላለች፤ ዙሩ ግን አያልቅም። አቦል አልፎ ቶና ይቀዳል፤ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። ቆጠራዋን ያሳታት ሰው ወዮለት! ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፤ ባልየው ዝም ብሎ ከተቀመጠ እሱም አይቀርለትም።

ቆሼ ሰፈር ስደርስ ግን ይህን የዳንቴል ነገር በቀልድ ብቻ ማለፍ ያቅተኛል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ሰፈር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ሽታውና አቧራው በር እየገፋ በሚገባበት ቤት፣ ነጭ ዳንቴል አጥቦ፣ በአሚዶ ነክሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ ሥራ ፈትነት ነው? ለእኔ እልህ ነው፤ ያውም የሚያምር እልህ።

«ጊዜ ማባከን!» የምትሉ ወንዶች፣ መጀመሪያ ለእንግሊዝ ኳስ የሰጣችሁትን ሰዓት ደምሩና እንነጋገር።